ድመትና የመቀመጫ ሽንት ቤት፦ የአንድ ትንሽ ምኞት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)



የዛሬውን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ሰው ሽንት ቤት ባላገኘበት ዓለም አንተ ለድመት ሽንት ቤት ትፈልጋለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ሣቅ ያዘለ ቢሆንም መልስ የሚገባው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በዓለማችን 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ የንጽሕና አገልግሎት አልነበራቸውም። በዚህ ዓለም ውስጥ ድመቱን በሸክላ መቀመጫ ላይ ለማስቀመጥ ሳምንታት የሚያጠፋ ሰው መኖሩ በእርግጥ ያስገርማል። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ የሚያስገርመውን ነገር ስቆ ካለፈው ሥራውን አልሠራም። አንድ ማኅበረሰብ ከእንስሳቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያሳፍረውና ምን ከዓይኑ ሊሰውር እንደሚሻ ከእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ምኞቶች የተሻለ የሚያሳይ ምስክር ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሰዓት የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ድመትንና ውሻን በራሱ መጸዳጃ እንዲጠቀሙ ለማስተማር ለምን ፈለገ? ሙከራውስ ስለ እንስሳቱም ስለ እኛም ምን ገለጠ? ወደ ማጠቃለያው ስቃረብ ከራሴ ሕይወት አንድ ምስክርነት እሰጣለሁ። ያን የማደርገው የኔ ድመት ከሌላው ድመት ስለምትበልጥ ሳይሆን፣ ይህን ታሪክ እንዳጠና ያስገደደችኝ እርሷ ስለሆነች ነው።

ከአመድ ወደ ከረጢት

በልጅነቴ በአያቴ ቤት ለድመት የተለየ መጸዳጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ከማድ ቤቱ ጀርባ የአመድ ክምር ነበር፤ ድመቷም ወደዚያ ሄዳ ትቆፍራለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። ያስተማራት ሰው የለም። የቤት ድመት የዘር ግንድ በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረው የዱር ድመት እንደሚመዘዝ በ2007 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴት ደግሞ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር የተቀበረ ድመት ዐፅም ተገኝቷል። ይህ የደረቅ ምድር እንስሳ ልቅ አፈር ባገኘበት ሁሉ ቆፍሮ ይሸፍናል። ሰውም ቢሆን ለብዙ ዘመን ከዚህ የራቀ ሥርዐት አልነበረውም፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ለጦር ሰፈር የተሰጠው ትእዛዝ ከሰፈር ወጥቶ መቆፈርንና መልሶ መሸፈንን ያዝዛል። በዚህ ጉዳይ ድመትና ሰው ተማሪና አስተማሪ አልነበሩም ማለት ነው። ሁለቱም ዘንድ መሸሸጊያው አፈር ነበር።

ይህ ስምምነት የፈረሰው ሰው ከአፈር ሲርቅ ነው። ለንደንን የመሰሉ ከተሞች በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የቧንቧ ውኃና የመሬት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ሲዘረጉ፣ የሰው ዐይነ ምድር ከአፈር ወደ ውኃ ተዛወረ። ድመት ግን በአፈሩ ጸናች። በፎቅ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ለድመቱ አሸዋ፣ አፈር ወይም የምድጃ አመድ በሣጥን ያቀርብላት ጀመር። ይህም ሽታው ስለማይቻል ብዙዎች ድመታቸውን ሌሊቱን በደጅ ያሳድሩ ነበር።

በጥር 1947 በአሜሪካዪቱ ሚቺጋን ግዛት፣ ካሶፖሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የአንዲት ሴት አሸዋ ክምር በብርድ ደርቆ አልቆፈር አለ። ሴትዮዋም ኤድዋርድ ሎው የሚባል ጎረቤቷን አሸዋ እንዲሰጣት ጠየቀች። የሎው ቤተሰብ ለፋብሪካ ወለል ማድረቂያ የሚሆኑ እርጥበት መጣጭ ነገሮችን ይነግድ ነበርና፣ በአሸዋው ፈንታ የተፈጨ መጣጭ ሸክላ ሰጣት። ሴትዮዋ ተመልሳ ከዚያው እንዲጨምርላት በጠየቀች ጊዜ ሎው ነገሩ ገባው። ሸክላውን በአምስት አምስት ፓውንድ ከረጢት ሞልቶ፣ «ኪቲ ሊተር» የሚል ስም ጽፎበት፣ በ65 ሳንቲም ዋጋ ሊሸጠው ወሰነ። ባለ ሱቁ አሸዋ በርካሽ በሚገኝበት አገር ይህን ማን ይገዛል ብሎ ሲጠራጠር፣ ሎው መጀመሪያ በነጻ ስጥልኝ አለው። ከዚህ ትንሽ ከረጢት ትልቅ ኢንዱስትሪ ተወለደ፤ ድመትም ከደጅ ወደ ሳሎን ገብታ ቀረች።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ለድመት የሰው ሽንት ቤት የማስተማር ምኞት የከረጢቱ ዘመን ልጅ መሆኑን ነው። ድመት ደጅ ስትወጣ ስለ መጸዳጃዋ የሚጨነቅ አልነበረም። ቤት ውስጥ ስትቀር ግን ሸክላው በየሳምንቱ ይገዛል፣ ይሸከሙታል፣ ይጠርጉታል፣ ይጥሉታል። ድካሙና ወጪው በመጣ ጊዜ፣ አንዱ ሰው ወደ ግድግዳው ማዶ ተመልክቶ «እዚያ ባዶ የሸክላ መቀመጫ አለ» ማለቱ አይቀርም።

የቻርልስ ሚንገስ መመሪያ

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ዝነኛው የሙዚቃ ሰው ነው። ቻርልስ ሚንገስ (1922–1979) በጃዝ ታሪክ ከታላላቆቹ የኮንትራባስ ተጫዋቾችና የሙዚቃ ደራስያን አንዱ ነበር። ይኸው ሰው «ናይትላይፍ» የምትባል ድመቱን በሽንት ቤት መቀመጫ ላይ እንድትጸዳዳ አስተማረ፤ ዘዴውንም በትንሽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በፖስታ ቤት በኩል ሸጠ። ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። እኔ እንደ ታሪክ ሰነድ አነበብሁት፤ የአንድ ትዕግሥተኛ መምህር የማስተማሪያ ዕቅድ ሆኖም አገኘሁት።

ዘዴው እንዲህ ነው። በቅድሚያ ከካርቶን የተሠራ ሣጥን ይዘጋጃል፤ በውስጡም በሸክላ ፈንታ የተቀደደ ጋዜጣ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኋላ ላይ አሸዋ ወደ ሽንት ቤት ሊጣል አይችልም። ድመቷ ጋዜጣውን ከለመደች በኋላ ሣጥኑ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ወደ መጸዳጃ ክፍሉ ይጠጋል። ቀጥሎ ሣጥኑ በመቀመጫው ላይ ይወጣል፤ እንዳይንሸራተትም በገመድ ይታሰራል። ከዚያ በካርቶኑ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይበጃል፤ ቀዳዳው በቀናት ውስጥ እየሰፋ፣ የሣጥኑም ጎኖች እያጠሩ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ዝርግ ካርቶን ብቻ ይቀራል፤ አንድ ቀን እርሱም ይነሣል። ሚንገስ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ያህል እንደ ፈጀበት ይናገራል። ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀውም አንባቢው እንዳይቸኩል ነው፤ ድመቷ ከተደናገረች ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በጽሑፉ መጨረሻ ገደማ ያለው ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። ድመቷ ከጊዜ በኋላ ውኃውን ራሷ መልቀቅ ልትማር እንደምትችልና፣ ወደዚህ የሚገፋት የመሸፈን ተፈጥሮዋ እንደሚሆን ይገምታል። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን፣ ሚንገስ ያስተዋለው ነገር ትልቅ ነው። ለድመቷ ዋናው ጉዳይ ሸክላው ሳይሆን መሸፈኑ መሆኑን ተረድቷል።

«ድመት መንኩሳ…»

የሚንገስ ዘዴ ከላቦራቶሪ የወጣ ባይሆንም ላቦራቶሪው በሌላ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ የተራቡ ድመቶችን በእንቆቅልሽ ሣጥኖች ውስጥ እየዘጋ እንዴት መውጣት እንደሚማሩ መዘገበ። ድመቶቹ ነገሩን በድንገት «ሲረዱት» አላየም፤ የጠቀማቸውን እንቅስቃሴ እየደጋገሙ፣ ያልጠቀማቸውን እየተዉ ቀስ በቀስ ሲፈጥኑ አየ። ኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ወደ ግቡ በትንንሽ ደረጃ የሚያደርሰውን የሥልጠና ዘዴ አዳበረ። የሚንገስ ቀዳዳ ከቀን ወደ ቀን መስፋቱ የዚሁ ዘዴ የቤት ውስጥ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን ለዚህ ዘዴ ወሰን አለው። ወሰኑን ያሳዩትም የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ናቸው። ባልና ሚስቱ ብዙ ዐይነት እንስሳትን ለትርኢትና ለማስታወቂያ ሲያሠለጥኑ የገጠማቸውን ውድቀት በ1961 አሳተሙ። ሳንቲም በሣጥን እንዲከት የተማረ ራኩን ሁለት ሳንቲም ሲሰጡት ምግብ እንደሚያጥብ እርስ በርሳቸው እያሻሸ አልከት አለ። ሳንቲም እንዲሸከም የተማረ አሳማም ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙን መሬት ላይ እየጣለ በአፍንጫው ይቆፍረው ጀመር። ሽልማቱ እየቀረባቸው እንኳ የተማሩት ነገር እየደበዘዘ ተፈጥሯቸው ይመለስ ነበር።

ይህን ግኝት ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም። አበው «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ብለዋል። ተረቱ የሚተረከው አይጥ ለማጥመድ ስለ መነኮሰች ድመት ቢሆንም፣ በመቀመጫው ላይ ለተቀመጠችውም ድመት ይሠራል። ብዙ ባለቤቶች ሠልጥናለች ያሏት ድመት ከተጸዳዳች በኋላ ለስላሳውን ሸክላ በእጇ ስትቧጥጥ ያያሉ። አፈር የለም፤ ቁፋሮው ግን አለ።

ውሻና ሕግ

ውሻን በተመለከተ ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። ውሻ ይሸታል፣ ይዞራል፣ ቦታ ይመርጣል። ሽንቱም ለሌሎች ውሾች የተተወ መልእክት ስለሆነ ሊሸፍነው አይሻም። እንዲህ ያለ እንስሳ መልእክቱን ወዲያው በውኃ በሚያጥብ ሸክላ ላይ ምን ደስ ይለዋል? በጋዜጣ ላይ እንዲጸዳዳ ማልመድ ይቻላል። በ1916 በጀርመን ኦልደንቡርግ ለጦር ጉዳተኛ ዐይነ ስውራን በተከፈተው ትምህርት ቤት የተጀመረው የመሪ ውሾች ሥልጠናም በዘመናችን ውሻው በተወሰነ ሰዓትና በትእዛዝ እንዲጸዳዳ እስከ ማስተማር ደርሷል። ስለዚህ ውሻ ጊዜን ይማራል። ቦታን መቀበል ግን ይከብደዋል። የሶቪየት ኅብረት የጠፈር ሳይንቲስቶች በ1957 ላይካን ለመላክ ሲዘጋጁ ውሾችን እስከ 20 ቀን በሚደርስ ጊዜ በጠባብ ሣጥን ያቆዩ ነበር። ውሾቹ በዚያ መጸዳዳትን እምቢ ብለው ታመሙ፤ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒትም አልረዳቸውም። ረጅም ልምምድ ብቻ ነው ያላመዳቸው።

በዚህ የተነሣ ከተሞች ውሻውን ሳይሆን ባለቤቱን ማስተማር መረጡ። የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ከነሐሴ 1 ቀን 1978 ጀምሮ በታላላቅ ከተሞች የውሻ ባለቤት የውሻውን ዐይነ ምድር ራሱ እንዲያነሣ አስገደደ። ፓሪስ ደግሞ በ1982፣ ዣክ ሺራክ ከንቲባ በነበረበት ጊዜ፣ የውሻ ዐይነ ምድር የሚመጡ ልዩ ሞተር ብስክሌቶችን አሰማራች። ወጪው ከፍ ያለ፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሆነና በ2004 ሥራው ቀረ፤ በምትኩ ባለቤቶችን መቅጣት ተጠናከረ። በድመት ታሪክ ውስጥ ተማሪዋ ድመት፣ መምህሩ ሰው ነበር። በውሻ ታሪክ ውስጥ ግን ተማሪው ሰው፣ መምህሩ ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን።

ውኃው የት ይሄዳል?

አሁን ወደ ክርክሬ ማዕከል ደርሻለሁ። የሚንገስ ዘመን አንባቢ የድመት ዐይነ ምድር ከሰው ዐይነ ምድር ጋር በውኃ መሄዱን እንደ ንጽሕና ቈጠረው። እንዲህ መቁጠሩ አያስወቅሰውም፤ የጎደለው እውቀት ገና አልተገኘም ነበርና። ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የተባለችው ጥገኛ ተሕዋስ በ1908 በቱኒስ፣ ጉንዲ በሚባል አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ ተገኘች። ዑደቷ የሚፈጸመው በድመት ዘሮች አንጀት ውስጥ መሆኑ የተረጋገጠው ግን ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1970 ገደማ ነው። የተያዘች ድመት ለጥቂት ሳምንታት በሚሊዮን የሚቈጠሩ እንቁላል መሰል አካላትን ታወጣለች። እነዚህም በአፈርና በውኃ ለወራት ይኖራሉ፤ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድላቸውም። ተሕዋስዋ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት ጽንስና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው አደገኛ ናት። ጥሬ ሥጋ በምንበላበት በአገራችንም ሰው በሁለት በኩል፣ በሥጋውም በአፈሩም፣ ሊያገኛት ስለሚችል ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

በ2002 የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩትን የባሕር ኦተሮች መረመረ። የየብስ ጎርፍና ወንዝ በብዛት ወደ ባሕር በሚገባባቸው ስፍራዎች የሚኖሩት በቶክሶፕላዝማ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ጥርጣሬ በደጅ ከሚቀር የድመት ዐይነ ምድር በሚታጠበው ጎርፍ ላይ ቢወድቅም፣ በሽንት ቤት የሚሄደውም ጥያቄ ውስጥ ገባ። በ2006 ካሊፎርኒያ ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በግዛቲቱ የሚሸጥ የድመት መጸዳጃ ሸክላ ከረጢት ሁሉ ሸክላውን ወደ ሽንት ቤትና ወደ ጎርፍ መውረጃ እንዳይጥሉ የሚመክር ጽሑፍ እንዲይዝ ተደረገ።

በሚዛን ለመናገር፣ ከቤት የማትወጣ፣ የታሸገ ምግብ ብቻ የምትበላ ድመት በዚህች ተሕዋስ የመያዝ ዕድሏ አነስተኛ ነው። ሆኖም ፍርዱ ተገልብጧል። ትናንት ሥልጡን የተባለው ተግባር ዛሬ ጎረቤትን፣ ከዚያም አልፎ የባሕር እንስሳን ሊጎዳ የሚችል ሆነ። ውኃው ዐይነ ምድሩን አላጠፋውም፤ ከእኛ ዐይን ብቻ አራቀው።

የሚሚ ጉዳይ

ቃል የገባሁትን ምስክርነት ልስጥ። በውጭ አገር ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ሚሚ ከምትባል ድመት ጋር ኖርሁ። አከራዬ ስለ ሽታው ያጉረመርሙ ነበር፤ እኔም ለሸክላው የሚወጣው ገንዘብ ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ በሚንገስ መንገድ ጀመርሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሆን ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜም ወደ ኋላ ተመለስሁ። በመጨረሻ ተሳካ። ያን ዕለት የተሰማኝን ኩራት አልደብቃችሁም፤ ለእንግዶቼ እንደ ታላቅ ግኝት እነግር ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሚሚ ከሳች፤ ጠጕሯም ደበዘዘ። ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሟ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ካለፈው ወር ወዲህ የምትሸናው በዝቷል ወይስ ቀንሷል?» መልስ አልነበረኝም። ሣጥን ያለው ሰው ረጥቦ የተጋገረውን ሸክላ በየቀኑ ሲጠርግ ሳያስበው ይለካል፤ የሽንት መብዛት ደግሞ የኩላሊት ሕመምና የስኳር በሽታ ቀደምት ምልክት ነው። በኔ ቤት ግን ምልክቱ በየቀኑ በውኃ ሄዷል። ሕመሙ የኩላሊት ነበር፤ ዘግይተንም ደርሰናል። እግሮቿ ደክመው ወደ መቀመጫው መዝለል በተሳናት ጊዜ ሣጥኑን መልሼ ሸክላ ሞላሁላት። ወዲያው ገብታ ቆፈረች። ሁሉንም ነገር ረስታ፣ ያን ብቻ ያልረሳች ትመስል ነበር። ከአራት ወር በኋላ ሞተች።

ሥልጠናው ገደላት አልልም፤ ኩላሊቷን ያሳመመው መቀመጫው አይደለም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ እኔ የታሪክ ተማሪ፣ ቀን ቀን በቤተ መዛግብት የተጣለ ወረቀት እየለቀምሁ፣ በገዛ ቤቴ ማስረጃን የሚያጠፋ ሥርዐት ዘርግቼ ነበር። ያጠፋሁትም ሽታ እንዳይሰማኝ ብዬ ነው።

ማጠቃለያ

ምኞቱ አላበቃም። በ2021 በጀርመን የሚገኝ የእርሻ እንስሳት ሥነ ሕይወት ተቋምና የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 16 ጥጆችን በተለየ ስፍራ እንዲሸኑ ሲያሠለጥኑ 11ዱ ተሳካላቸው። ከሽንትና ከፍግ መቀላቀል የሚወጣው አሞኒያ አፈርና ውኃ ስለሚበክል፣ ተመራማሪዎቹ ሽንቱን ለይቶ መሰብሰብ ይሻሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚህ ጥጃዋ የተማረችው ለጥጃ በተሠራ ስፍራ ነው፤ ዓላማውም የሚወጣውን ነገር ለይቶ መያዝ እንጂ ከዐይን ማራቅ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ እንስሳ የሚማረው ትምህርቱ ከተፈጥሮው ጋር እስከ ተስማማበት ድረስ ነው፤ ሚንገስ የተሳካለት የድመቷን ጠባይ ተከትሎ ስለሄደ ነው። ሁለተኛ፣ ንጽሕና የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ቆሻሻን ማጥፋት ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ፍጥረት ደጅ ማዛወር ነው። ሦስተኛ፣ ከዐይናችን የምናርቀው ነገር የምናውቀውንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ለባልደረባዬ ጥያቄ መመለስ እችላለሁ። ለድመት ሽንት ቤት አልፈልግም። ለድመት የሚበቃት ልቅ አፈርና የሚያያት ሰው ነው። ለሰው ግን ሽንት ቤት እፈልጋለሁ። ስንሠራውም ውኃው ወዴት እንደሚሄድና ማን ደጅ እንደሚደርስ አስቀድመን እንድንጠይቅ እመኛለሁ።